ወረቀቱ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ቀረ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ አልቃ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር ማለት ነው። ጋዜጣ የማነበው ሥራ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ። ጽፌ ግን አላውቅም። ዛሬ የጻፍኩት አንዲት ወረቀት እንቅልፍ ስለነሳችኝ ነው።

ከተማ አስተዳደሩ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ማደል ከጀመረ ወዲህ አዲስ ዩኒፎርም የሚያሰፋ የለም። ቅር አላለኝም፤ የእኔም ልጆች ለብሰውታል። ግን ልጁን ለክቶ የተሰፋ አይደለምና አንዱ ይሰፋዋል፣ ሌላው ያጥረዋል። ስለዚህ ለእኔ የቀረልኝ ማጥበብ፣ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ነው። የሰፈሩ እናት ሁሉ እኔ ጋ ትመጣለች፣ ዱካው ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ እስክጨርስ ታወራለች። የምነግራችሁን ግማሹን የሰማሁት እንዲህ ነው።

መጋቢት ላይ ነው። የትንሿ ልጄ ቦርሳ ዚፑ ተበላሽቶ ሳምንት ሙሉ «አባዬ ሥራልኝ» ትለኛለች። የሰፊ ልጅ መሆን እንዲህ ነው፤ የሰው ይቀድማል። እሁድ ከሰዓት ቦርሳውን ገልብጬ ስተረትር የውስጠኛው ኪስ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። ጫፏ ዘይት ጠጥቷል፣ ከምሳ ዕቃው ጋር ስትኖር። ማኅተም አላት። የልጄ ስም፣ 3ኛ ክፍል፣ ዕድሜ 9። ዓይን በሚለው ፊት ለፊት «ቀኝ 6/36፣ ግራ 6/9» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ከታች «ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ» ይላል። ቀኑን አየሁት። ኅዳር። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አራት ወር።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት። አቀረቀረች። ቆይታ ቆይታ «የዓይን ፈተና ወድቄ ነው» አለች። እንዳልቆጣት ፈርታ ደበቀችው። እንግዲህ 9 ዓመቷ ነው፤ ጤና የሚመረምሩ ሰዎች ትምህርት ቤቷ መጡ፣ አሰለፏቸው፣ ጠየቋቸው፣ አንዳንዱን «ጎበዝ፣ ሂድ» አሉት፣ ለእሷ ወረቀት ሰጧት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን የወደቅኩ ይመስለኝ ነበር።

6/36 ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን አላወቅኩም። አሁን አውቃለሁ። ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው 36 ሜትር ርቆ የሚያየውን እሷ በቀኝ ዓይኗ የምታየው 6 ሜትር ድረስ ስትጠጋ ነው። ያን ቀን ግን ያደረግኩት አንድ ነገር ነው። ግራ ዓይኗን በመዳፌ ሸፍኜ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ «አንብቢልኝ» አልኳት። ዝም አለች። እጄን አነሳሁ። ፍጥን ብላ አነበበችው።

እናቷም እኔም ምንም አላየንም ነበር። ደብተሯ ንጹሕ ነው፣ ሰሌዳ አይታ ትገለብጣለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ገመድ ትዘላለች። ለካ ግራው ዓይን ለሁለት ሲሠራ ነው የኖረው። ይህን ነገር ቤት ውስጥ ማንም ሊያውቀው አይችልም፤ አንዱን ዓይን ሸፍኖ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የትምህርት ቤቱን ምርመራ የማልሰድበው። እንዲያውም እግዜር ይስጣቸው። አግኝተውታል! ያገኙትን ግን ለ9 ዓመት ልጅ አሸክመው ሄዱ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ልጆቼ አሁንም እዚያው ናቸው፣ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይመስለኝም። ስም ጠሪዋን መምህር አገኘኋት። አልሰማችም። በዚያ ቀን ተማሪዎቿን አሰልፋ ከማምጣት በቀር ውጤቱን ማንም አላሳያትም። ከስልሳ በላይ ልጅ ይዛ የእያንዳንዱን ቦርሳ ትፈትሽ እንዴት እላታለሁ? ወደ ቢሮ አለፍኩ። ቢሮ ውስጥ ያሉት ሰው በትሕትና ተቀብለው ፋይል አወጡ። ስንት ልጅ እንደታየ አለ። ስንት ልጅ ችግር እንደተገኘበት አለ። ወደ በላይ የተላከ ሪፖርትም አለ። «ከእነዚህ ስንቱ ታከመ?» አልኳቸው። ወረቀቱን ወዲያ ወዲህ አገላበጡት። እሱን የሚጽፉበት ቦታ የለውም። ያላዩት ወይም የረሱት ነገር አይደለም፤ ቅጹ ላይ ዓምዱ ራሱ የለም።

ምርመራው የተደረገበትን ክፍልም አሳዩኝ። የምኖረው በሜትር ነውና ሜትሬ ከኪሴ አትለይም፤ ለካሁት። የዓይን መለኪያው ሰንጠረዥ ከ6 ሜትር ላይ ነው የሚታየው፣ ያቺ ክፍል ግን ከግድግዳ ግድግዳ አራት ሜትር ተኩል ናት። ከቅርብ ያየ ልጅ ደግሞ ዓይኑ ካለው በላይ ደህና ይመስላል። በዚያ ላይ ትልቁ ልጄ እየሳቀ እንደነገረኝ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች የፊተኞቹን መልስ እየሰሙ «ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ» ብለው በቃል አጥንተው ነው የሚገቡት፤ ዓይናቸውን በጣታቸው ሸፍነው በጣታቸው መሀል የሚያዩም አሉ። ስንቱ ሳይገኝ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ በኋላ የተጓዝነውን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሪፈር አይደለም። የጤና መድን ደብተር አለን፣ ደብተሩ የሚሠራው ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደህ እነሱ ሲጽፉልህ ነው። ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ዓይን የሚያይ ባለሙያ የለም፣ ግን ሪፈር ጻፉልን። ይህ አንድ ቀን ነው። ከዚያ መሀል ከተማ ወዳለ ሆስፒታል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን፣ ሦስት ታክሲ ቀይረን፣ ስንደርስ ወረፋው ከበር ወጥቷል። ካርድ አወጣን፣ ለሌላ ቀን ቀጠሩን። ሁለት ቀን። በቀጠሮው ሄድን፤ ጥቁሩን የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጠብ አደረጉላት፣ ጠብታው እስኪሠራ ጠበቅን፣ ለኩላት፣ መነጽር አዘዙላት። ሦስት ቀን። መነጽሩን መድኑ አይሸፍነውም ተባልን። ፍሬሙን ከነመስታወቱ ከግል ቤት አሠራን፣ ለመውሰድ ሌላ ቀን። አራት ቀን ሱቄ ተዘጋ፣ እሷም አራት ቀን ከትምህርት ቀረች። የመነጽሩ ዋጋ በሁለት ሳምንት ማጥበብና ማሳጠር አልሞላም፤ ከዕቁብ ተበደርኩ። እኔ የራሴ ሥራ ስላለኝ ነው ሱቅ የዘጋሁት። የቀን ሠራተኛው ወይም ፋብሪካ የምትውለዋ እናት አራት ቀን ትቅር እንዴ?

ሐኪሟ ጥሩ ሴት ነበረች፣ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የልጅ አእምሮ ከሁለት ዓይን አንዱ ብዥ ያለ ምስል ከላከለት እየተወው ይሄዳል አለች። ዓይኑ በራሱ ደህና ሆኖ አእምሮ ያሰናብተዋል። ሰነፍ ዓይን ይሉታል። መነጽር ታደርጋለች፣ በተጨማሪ ደህናውን ዓይን በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ሸፍነን ሰነፉን እናሠራዋለን። ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር በጣም ይሻላል፣ ከዚያ በኋላም ይሞከራል፣ ግን በቆየ ቁጥር ይከብዳል። ይህን ስትለኝ እኔ ስለ አራቱ ወር ነበር የማስበው። ሥር እስኪሰድ የጠበቅነው ቦርሳ ውስጥ ነው።

ይህ የእኔ ልጅ ብቻ ቢሆን ጋዜጣ ላይ ባልወጣሁ። ነገሩን ዱካው ላይ ለሚቀመጡ ሁሉ ማውራት ጀመርኩ። አንዷ ጉሊት አትክልት የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ልጇ ጆሮው ይመግላል። ትንሽ ሆኖ ሲጀምረው «ጥርስ ሲያበቅል ነው» ተባለ። ጥርሱ በቀለ፣ ወልቆም ሌላ በቀለ፣ ጆሮው ግን እንደዚያው። ዘይት እያሞቀች ጠብ ታደርግለት ነበር። ለእሱም ኅዳር ላይ ወረቀት ተሰጥቶታል፤ እሷ እንዲያውም አግኝታዋለች። ግን አንድ ቀን ጉሊት ካልወጣች ማታ ምን ይበላሉ? «ጆሮ የገደለው ሰው አላየሁም» አለችኝ። ልጁ ታዲያ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ አይሰማም፣ ባለጌ ተብሎ ይንበረከካል። ቁመቱ ረዘም ስላለ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ምርመራውን ያደረጉት ሰዎች ለስም ጠሪው «ይሄ ልጅ አይሰማም» ቢሉ ኖሮ ልጁ በማግስቱ ፊት ወንበር ላይ ይሆን ነበር። ሪፈር አይፈልግም፣ ወረፋ የለው፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣ። ይህቺን እንኳ የሚነግር ሰው ጠፋ።

ሌላዋ እናት ልጇ ቶንሲል እየደጋገማት ሄዶ ሄዶ ልቧን የነካት ናት። ቶንሲል በጊዜው በመድኃኒት ካልታከመ አንዳንድ ልጅ ላይ መጀመሪያ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ ቀጥሎ የልብ ቫልቭ ያበላሻል። ልጅቷ በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፣ ለዓመታት። እናቷ ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ትከባለች። ከመሀል ከተማ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ ግን አዲሱ ቦታ ካርድ የላትም ተብሎ ሁለት ጊዜ አመለጣት። እንዲህ እያመለጠ ነው ቫልቩ ከናካቴው የሚሄደው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ ልጆች በሺዎች እንደሚቆጠሩ ሁላችንም የምንሰማው ነው። አንድ መርፌ መከታተል ከዚያ ወረፋ አይቀልም?

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ እዚያው ጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ነገር ሁሉ ይሠራል። የእህቴ ልጆች ክፍለ ሀገር ናቸው፤ የሆድ ትል ክኒን ክፍል ውስጥ ይሰጧቸዋል፣ እዚያው ያኝካሉ፣ አለቀ። ይህ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ የሚሠራ ነው። የማኅጸን በር ካንሰር ክትባትም 14 ዓመት ለሞላቸው ሴት ልጆች በ2011 ሲጀመር የወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ተከተበች፣ ለሁለተኛውም ዙር ስሟን ይዘው ተመልሰው መጡ። ስለዚህ ስም መያዝና ተመልሶ መምጣት የማይቻል ነገር አይደለም። ሲፈለግ ይቻላል። የሚጠፋው ልጁ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቶ ሌላ ቦታ መሄድ ያለበት ጉዳይ ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ጥርስ፣ ልብ። እነዚህ ሁሉ ሌላ ቀን ይፈልጋሉ፣ ያንን ሌላ ቀን ደግሞ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ነርስነት የምትማር አንዲት ደንበኛ አለችኝ፣ ጋውኗን ለማስጠበብ መጥታ ይህንኑ ስነግራት ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመቶ ዓመት ታሪክ ነው» አለችኝና አጫወተችኝ። እ.ኤ.አ. በ1902 ኒውዮርክ ውስጥ ሐኪሞች ትምህርት ቤት እየዞሩ ልጆችን ያያሉ፣ ትራኮማ፣ ቅማል፣ እከክ ያገኙበትን «እስክትድን አትምጣ» ብለው ወደ ቤት ይሰዳሉ። ልጁ ቤቱ ሄዶ ማን ያክመው? መንገድ ላይ ይጫወታል፣ አንዳንዱ ወረቀቱን ለቤተሰቡ ሳያሳይ ይጥለዋል። (የእኔ ልጅ ብቻ አይደለችም ለካ!) በመጨረሻ ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ ለሙከራ ለአንድ ወር አራት ትምህርት ቤት ተሰጣት። ቀላሉን እዚያው ታክማለች፣ ማታ የልጆቹን ቤት እያንኳኳች እናቶቹን ታስረዳለች። ሙከራው ስለሠራ ሌሎች ነርሶች ተጨመሩ። በ1902 በመስከረም ወራቸው ከትምህርት የተባረረው ልጅ 10,567 ነበር፤ በዓመቱ በዚያው ወር 1,101 ሆነ። ቅማሉ ከተማውን ለቆ አልሄደም። ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው ስለተገኘ ነው።

እኛስ ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው አጥተን ነው? የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ባለሙያዎቹ የተማሩ ነርሶች ናቸው፣ በር ያንኳኳሉ፣ የእኛን ብሎክ በስም ያውቁታል። የእኛዋ እህት እርግዝና ትከታተላለች፣ የሕፃን ክትባት ትጠይቃለች፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ታያለች። ስለ ልጄ ዓይን ብነግራት ደነገጠች። «ዝርዝሩን ማንም አልሰጠኝም» አለች። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ደግሞ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ናቸው። አሥር ደቂቃ! ዝርዝሩ እሷ እጅ ቢገባ ኖሮ ኅዳር ሳያልቅ በሬን ታንኳኳ ነበር።

እና የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ውጤቱን ለልጅ አትስጡ፤ ልጁ ሲመዘገብ የወላጅ ስልክ ሰጥተናል፣ ደውሉልን። ለስም ጠሪው ንገሩት። ችግር የተገኘባቸው ልጆች ስም በአንድ ደብተር ይያዝ፣ ከስሙ ጎን «ሄደ፣ ታየ፣ ምን ተሰጠው» የሚል ቦታ ይኑረው፣ ሞልቶ እስኪያልቅም ለኤክስቴንሽኗ እህት ይሰጥ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረታችን ስብሰባ ላይ ስለ አጥርና ስለ ቀለም ከሚጨቃጨቅ በየወሩ ይህን ደብተር ይክፈት። ደግሞ ችግር የተገኘባቸው ልጆች በየትምህርት ቤቱ በርከት ይላሉና፣ እያንዳንዳችን ሦስት ታክሲ ይዘን መሀል ከተማ ከምንሰለፍ፣ አንድ ዓይን የሚለካ ባለሙያ በዓመት ጥቂት ቀን ወደዚህ ዳር ሰፈር ቢመጣ ስንት የሥራ ቀን ይተርፋል? የመነጽሩም ዋጋ አንድ ነገር ይፈልጋል። መድኑ ይሸፍነው፣ ካልሆነ ትምህርት ቤት የሚረዱ ድርጅቶች አሉ፣ ደብተር ብቻ ከሚያመጡ። ዓይኑ ለማያይ ልጅ ደብተር ምን ያደርግለታል?

«የልጁን ቦርሳ መፈተሽ የወላጅ ሥራ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልከፈትኩትም፤ ዚፑ ባይበላሽ እስካሁንም አልከፍተውም ነበር። ይህን ደጋግሜ ለራሴ ብያለሁ፣ ሚስቴም ብላኛለች፣ ከእኔ በላይ። ግን የአንድ ልጅ ዓይን በዚፕ መበላሸት ላይ መንጠልጠል አለበት እንዴ?

ልጄ አሁን መነጽር ታደርጋለች። የዓይን መሸፈኛው መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ሲላጥ ያማታል፣ ስለዚህ በመነጽሩ በኩል የሚጠለቅ ትንሽ ከረጢት ሰፋሁላት፣ ከዩኒፎርሟ ቁራጭ ጨርቅ፣ ሐኪሟም አይታ ወዳዋለች። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁባት። አሁን ሁለት የክፍሏ ልጆች ዓይናቸው ምንም ሳይሆን «ለእኛም ስፋልን» ብለው ሱቅ ድረስ መጥተዋል። ባለፈው ቀጠሮ ቀኙ ዓይን ወደ 6/24 መጥቷል። ገና ነው።

ከዚያ ወዲህ የተማሪ ቦርሳ ለጥገና ሲመጣልኝ እናትየው ፊት ኪሱን ሳልፈትሽ አልቀበልም። አንዳንዶቹ ይገረማሉ። እስካሁን ሁለት ወረቀት አግኝቻለሁ፤ አንዱ ጥርስ፣ አንዱ ዓይን። ሁለቱም የኅዳር ናቸው።

ከቱሉ ዲምቱ፣
ልብስ ሰፊው